ጀርባው ክፍት ማዳመጫ

ማክሰኞ፣ ጥር 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የምሕረቱ ስልክ ጠራ። ጆሃንስበርግ አራት ከሩብ ሲል ሆሳዕና አምስት ከሩብ ይላል። ምሕረቱ የግድግዳውን ሰዓት ባየ ቁጥር የሀገር ቤቱን በልቡ የማስላት ልማድ ነበረውና ያን ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሆሳዕና የሚደውል ሰው ለሰላምታ አይደውልም። ሰላምታ የእሁድ ከሰዓት ነው።

ስልኩን ከማንሳቱ በፊት ቲቶን አየው። ቲቶ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ትልቅ ጥቁር ሄድፎን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ሌላው ሄድፎን፣ ጎኑ በቀይ እንጨት የተሠራው፣ ከላፕቶፑ አጠገብ ተራውን ይጠብቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሕረቱ ፎርድስበርግ ገበያ ውስጥ ቻርጀርና ሜሞሪ ካርድ፣ የስልክ መስታወትና ርካሽ ስፒከር የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለው። ደንበኛው የሆነ አንድ የጥርስ ሐኪም ሁለት ውድ ሄድፎኖች ከዱባይ እንዲያስመጣለት አዘዘውና፣ “አንዱን እኔ እወስዳለሁ፣ ሌላውን ትሸጠዋለህ። ግን እኔ የማልሰማው የሙዚቃ ዓይነት የለም። የትኛው ለየትኛው እንደሚሻል አስሞክረህ ጠብቀኝ” አለው። ዕቃው ሲደርስ ሁለተኛው የኮሮና ማዕበልም አብሮ ደረሰ። ከምሕረቱ ሱቅ ቀጥሎ ጨርቅ ይሸጥ የነበረው ሰውዬ በገና ሰሞን ሞተ። ምሕረቱም ሱቁን ቆልፎ፣ ሌባ ያነሳብኛል ብሎ የሰጋባቸውን ዕቃዎች በከረጢት ይዞ ሮዘተንቪል ቤቱ ገባ።

ቤት ውስጥ ቲቶ ነበረ። ቲቶ የሀገሩ ልጅ ነው። ዳቬይተን ውስጥ፣ ስፓዛ በሚሉት የሰው የመንደር ሱቅ ተቀጥሮ፣ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ዳቦና የስልክ ካርድ ሲሸጥ ቆይቶ፣ ሱቁ ሲዘረፍ ወደ ምሕረቱ መጣ። በቤተ ክርስቲያን የድምፅ ማቀነባበሪያውን የሚይዘው እሱ ነው፤ ከመዘምራኑ የትኛዋ ጉንፋን እንደያዛት ገና አፏን ስትከፍት ያውቃል ይባልለታል። ከገና በኋላ መንግሥት የአምልኮ ስብሰባ ሲከለክል ቲቶም ሥራ ፈቶ ቤት ዋለ። ምሕረቱ ሄድፎኖቹን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋለት ግን ፊቱ በራ።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዘፈን ነው” አለ፣ የመጀመሪያው ጃዝ ሲከፈትለት።

“ሥራ ነው። ጆሮህ ይስማ፣ ልብህ አይስማ።”

“ጋሽ ሽጉጤ ቢደርሱብኝስ?”

“ጋሽ ሽጉጤን ኮሮና ይዟቸው ማሽተት አቅቷቸዋል። መስማቱንም ለጊዜው ይተዉታል።”

ቲቶ ሳቀ። ጋሽ ሽጉጤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ዘፈን ከሚሰማ ወጣት ጋር ቀልድ አያውቁም። ከዚያ ቲቶ ሄድፎኑን ገልብጦ ጀርባውን አሳየው። ተራ ሄድፎን በፕላስቲክ የሚደፈንበት ቦታ ላይ ሁለቱም ወንፊት የመሰለ ብረት ነበራቸው።

“ጀርባው ክፍት ነው። ድምፁ ራስህ ውስጥ አይታጎርም፤ ሰዎቹ ክፍሉ ውስጥ ፊት ለፊትህ የቆሙ ይመስልሃል። የሚወደደው ለዚህ ነው።”

“ለእኔም እዚህ ድረስ ይሰማኛል፣ እንደ ትንኝ።”

“አንተም ትሰማኛለህ፣ እኔም እሰማሃለሁ። ግድግዳ የለውም።”

ምሕረቱ ይህን ሰማና ወዲያው ረሳው። ሄድፎን ያደረገ ሰው አይሰማም፤ በየታክሲው ሲያይ የኖረው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ያን ማክሰኞ ስልኩን አንስቶ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ እንጂ ወደ ግቢ አልወጣም። በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል በር የለም።

“ምሕረቱ፣ ደጉ ነኝ።”

ደጉ የቲቶ ታላቅ ወንድም ነው።

“ደጉዬ፣ ሰላም ናችሁ?”

“ቲቶ ስልኩን አያነሳም። አጠገብህ አለ?”

“አለ። ሥራ ይዞ ነው።” የቲቶ ስልክ ለሄድፎኑ ሽቦ ሲቀርብ ጥዝ ጥዝ የሚል ድምፅ ስለሚያስገባ፣ ድምፁ ተዘግቶ መኝታ ክፍል ነበር የተቀመጠው።

“እማ ሆስፒታል ገብታለች። ኦክስጅን አድርገውላታል። በጣም ደክማለች። እባክህ ለቲቶ…” ሳግ ያዘውና አልጨረሰውም።

ምሕረቱ ግድግዳውን ተደገፈ። “ገባኝ ደጉ። ገባኝ፤ አትጨርሰው።”

“ዛሬውኑ ይደውል።”

“ገባኝ አልኩህ ወንድሜ። በዚህ በኩል አታስብ፤ ልጁን እኔ እይዘዋለሁ።”

“ይደውል እንጂ፣ ምሕረቱ…”

“እሺ፣ እሺ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።”

መርዶ የሚመጣው እንዲህ ነው። ምሕረቱ ያውቀዋል። ባሕር ማዶ ላለ ሰው ሞት በስሙ ተጠርቶ አይነገርም። ስልክ የሚደወለው ለልጁ ሳይሆን አብሮት ለሚኖረው ነው። መጀመሪያ “ትንሽ አሟት ነበር” ይባላል፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ የደዋዩ ድምፅ ይቆረጣል። የቀረውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። የምሕረቱ አባት የሞቱ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ “ወገባቸውን አሟቸው ነው” ሲባል ከርሞ፣ በኋላ የሀገር ልጆች ማለዳ በሩን ሲያንኳኩ ገና መዝጊያውን ሳይከፍት አወቀ። ከዚያ ወዲህ እሱም ከጋሽ ሽጉጤ ጋር የሰው በር ማንኳኳት ጀመረ። ማንም አላስተማረውም። ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ በጠዋት መድረስ፣ ስልኩን አስቀድሞ ማራቅ፣ ሲወድቅ የምትይዘውን ሴት አጠገቡ ማድረግ፣ መጀመሪያ እሱን ማስቀመጥ፣ ከዚያ መጸለይ፣ ከዚያ መናገር፣ ከተናገሩ በኋላ ዝም ማለት፤ ይህን ሁሉ እያየ ለመደው። “ምሕረቱ ካለ ይሻላል” ይሉ ነበር ሰዎች። በዚያ ዓመት ብዙ ቦታ ተጠርቷል። ክፉ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ሰው እንደሚችልበት ሲነገረው ደስ ይለው እንደነበር አይክድም።

ወደ ግቢ ወጥቶ ለጋሽ ሽጉጤ ደወለ።

“የቲቶ እናት” አላቸው።

“እናትነሽ?” አሉና ብዙ አሳላቸው። “እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ። ደጉ ነው የደወለው?”

“ደጉ ነው። ታማለች ነው ያለኝ።”

“እንግዲህ ምን ይበል።” አሉ። “እኔ ከዚህ ክፍል እስከ ሐሙስ አልወጣም። ዓርብ በጠዋት ድንቅነሽን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ያዘው። ስልኩን አርቅለት፤ በፌስቡክ እንዳይሰማ።”

ምሕረቱ ተመልሶ ገባ፤ መኝታ ክፍል ገብቶ የቲቶን ስልክ አጠፋና የሱቅ ዕቃ ካለበት ከረጢት ሥር ከተተው። ሳሎን ሲመለስ ቲቶ ዓይኑን ገልጦ ነበር።

“ማን ነው?”

“የሱቅ ነገር ነው። የት ደረስክ?”

ቲቶ ትንሽ አየውና ወደ ላፕቶፑ ዞረ። “ጃዙ ላይ ጥቁሩ ይበልጣል። የከበሮው ሳህን ተመትቶ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ትከተለዋለህ፤ ተጫዋቾቹም እያንዳንዳቸው ቦታ ቦታቸው ናቸው። እንጨቱ ላይ ሁሉም ተጠጋግተው ጠረጴዛህ ላይ ወጥተዋል።”

“ጎበዝ። አሁን ደግሞ አማፒያኖ እንይ።”

ይህን ያለው አፉ ነው። በሀገራቸው ለቅሶ ባለበት ቤት ሬዲዮ አይከፈትም፤ ጎረቤት እንኳ ድምፅ ይቀንሳል። እሱ እናቱ የሞተችበትን ልጅ ጭፈራ ሊያሰማ ነው። ግን ቢያስቆመው ምን ብሎ ያስቆመዋል? ሥራው ከተቋረጠ ቲቶ ስልኩን ይፈልጋል፤ ስልኩን ካገኘ ያበቃል። ስለዚህ ሙዚቃው መቀጠል ነበረበት።

ከሄድፎኑ ጀርባ ቱክ ቱክ የሚል ደቃቅ ድምፅ እየወጣ ሳሎኑን ሞላው። በመንደሩ የሚያልፉት ታክሲዎች መስኮት የሚያንቀጠቅጡበት ያ የደቡብ አፍሪካ ጭፈራ ከዚህ ሲወጣ ጣሪያ ላይ እንደሚንጠባጠብ ውኃ ነበር።

“እ?” አለ ምሕረቱ።

“ቤዙ አለ። ግን ደረት አይመታም፤ በጀርባ ያመልጣል። ይሄ ሙዚቃ ግድግዳ ይፈልጋል ጋሼ።”

“ታክሲ ውስጥ ይሻላል በለኛ።”

“ታክሲው ራሱ ሄድፎን ነው” አለ ቲቶ።

ምሕረቱ ሳቀ። ሲስቅ ራሱን ሰማው። ቲቶ አልሳቀም። ምሕረቱ ያን ጊዜ ይህን አላስተዋለም።

ምሳ ሲቀርብ ቲቶ አልራበኝም አለ። ሲመሽ፣ እንደ ዋዛ፣ “ጋሼ፣ ስልኬን አይተሃል?” ሲል ጠየቀ።

“ቻርጅ አልይዝ ብሎ አየሁትና ከሱቅ ዕቃ ጋር አደረግኩት። ስከፍት አሠራልሃለሁ።”

“እሺ” አለ ቲቶ።

እሺታው እንዲህ ቀላል ይሆናል ብሎ አልጠበቀም ነበር ምሕረቱ። እፎይ አለ፤ እፎይ በማለቱ ደግሞ አፈረ።

ረቡዕ ጠዋት ከደጉ አጭር መልእክት መጣ። “ቲቶ እንዴት ነው? ስልኩ ተዘግቷል” ይላል። ምሕረቱ ግቢ ውስጥ ካለው ከዋናው በር አጠገብ ቆሞ አነበበው። ደጉ የሰጋው ልጁ ከፌስቡክ ሰምቶ እንዳይሆን ነው ብሎ አሰበ። እንዲህ ሲል መለሰለት፦ “ስልኩን እኔ ነኝ የዘጋሁት። ስለ እሱ አታስቡ። ዓርብ ሽማግሌው ጋሽ ሽጉጤ ይመጣሉ። እናንተ በርቱ።” ከዚያ በኋላ ከደጉ ምንም አልመጣም። ምሕረቱ ቀብር ላይ ናቸው ብሎ ገመተ።

ያን ቀን ብዙ ሞከሩ። የቫዮሊን ብዛት ያለበትን የፈረንጆች ሙዚቃ ጥቁሩ አዳራሽ አድርጎ ሲዘረጋው እንጨቱ አለሰለሰው። ቲቶ ስለ ዙሉ ወንዶች ዝማሬ፣ ያለ መሣሪያ በአፋቸው ብቻ ስለሚዘምሩት፣ “እንጨቱ ላይ እግራቸውን ሲያነሱ ወለሉ ይሰማል” አለ። የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲከፈት ሁለቱንም ቀያይሮ ሰማና ራሱን ነቀነቀ።

“ሁለቱም አይምሩም። ያበላሸነውን ሁሉ ያወጡታል። ይሄን ሁሉ የገደል ማሚቶ የጨመርኩት እኔ ነኝ።”

“ሕዝቡ ወዶታል እኮ።”

“ሕዝቡ ምን ያድርግ፣ በዚያ ስፒከር።”

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ፍሪጁ አንዴ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ፤ ሄድፎኑ የተሰካበት ማጉያ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራትም ጠፋች። ምሕረቱ ወጥ ቤት ሆኖ ሻማ ሲፈልግ ቆይቶ ሲመለስ ቲቶ አሁንም ሄድፎኑን እንዳደረገ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ራሱን በቀስታ እየነቀነቀ አገኘው።

“አንተ ልጅ፣ መብራት ሄዷል እኮ።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ምን እየሰማህ ነው?”

“ቤቱን” አለ ቲቶ። “ቢከፈትም ባይከፈትም ይሰማል።”

ምሕረቱ የባለሙያ ነገር ነው ብሎ ተወው።

መብራት ሲመለስ ቲቶ ራሱ አንድ ነገር መረጠ። ሀገር ቤት እያለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቀዳው፣ የትንሣኤ ዕለት ዝማሬ ነበር። ምሕረቱ ከሄድፎኑ ጀርባ በሚያመልጠው ደቃቅ ድምፅ ውስጥ ድምፁን ለየው። እናትነሽ ነበረች። ሆሳዕና ላይ ፊት ቆማ ስትዘምር ምሕረቱ በወጣትነቱ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሰምቷታል፤ እሷ መዝሙር ስትጀምር ልጆች ማልቀስ ያቆሙ ነበር። አሁን ከብረት ወንፊት ውስጥ ትንሽ ሆና፣ ከሩቅ እንደምትጣራ ሰው፣ ሳሎን ውስጥ ትዘምራለች።

“ጥቁሩ ላይ ከመዘምራኑ ተለይታ ትርቃለች” አለ ቲቶ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። “እንጨቱ ላይ ትንፋሿ ይሰማል። መስመሩን ከመጀመሯ በፊት አየር ስትስብ።”

ምሕረቱ ተነሥቶ ወጣ። ግቢው ውስጥ ሁለት ሃዲዳ የሚሏቸው ወፎች ሣሩን እየነቀሱ እንደ ተጣላ ሰው ይጮሃሉ። ግንቡን ይዞ ቆመ። ገብቼ ልንገረው ብሎ አሰበ። ከዚያ ደግሞ፣ ብቻዬን ብነግረው ማን ይይዘዋል፣ ያለ ጸሎት፣ ያለ ሽማግሌ፣ አለ በልቡ። ለልጁ ትንሽ ቀን ጨመርኩለት እንጂ ምን በደልኩ፤ እናት እንዳለችው ሰው ቢውል ምን አለበት። ይህን ሲያስብ ደግነት መሰለው። ግን ወደ ቤት መመለስ ፈራ። ተመልሶ ሲገባ ቲቶ መዝሙሩን እንደገና ከመጀመሪያው ከፍቶት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቲቶ ከጠረጴዛው አልተነሣም። ምሕረቱ ደጋግሞ “የቱ ተሻለህ?” ሲለው “ልስማ” ይለዋል። ከሄድፎኑ አንዳንዴ ድምፅ ይወጣ ነበር፣ አንዳንዴ አይወጣም።

ዓርብ፣ ፀሐይ ገና ጣሪያዎቹን ስትነካ፣ ጋሽ ሽጉጤና ድንቅነሽ መጡ። ድንቅነሽ የሴቶች ኅብረት መሪ ናት፤ በእንዲህ ዓይነት ጠዋት የሚወድቀውን ሰው የምትይዘው እሷ ናት። ቤት ውስጥ መሰብሰብ ስላስፈራቸው ምሕረቱ የፕላስቲክ ወንበሮችን ግቢ ውስጥ አራርቆ ደረደረ። ሁሉም አፋቸውን ሸፍነዋል። ቲቶ ወጥቶ ሲያያቸው “ሰላም አደራችሁ” አለና ሳይነግሩት ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ጋሽ ሽጉጤ ጸለዩ። ከጸሎቱ በኋላ፣ “ቲቶ ልጄ” ሲሉ ጀመሩ፣ “እናታችን እናትነሽ ሩጫዋን ጨርሳለች።”

ቲቶ መሬቱን እያየ፣ “አውቃለሁ” አለ።

ድንቅነሽ ልትይዘው ተነሥታ ነበር፤ መሐል ላይ ቆመች።

“ማን ነገረህ?” አሉ ጋሽ ሽጉጤ ወደ ምሕረቱ እየዞሩ።

“ማክሰኞ ዕለት ከደጉ ጋር ሲያወራ ሰማሁት። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ሲለው።” ከዚያ ምሕረቱን አየው። ቁጣ አልነበረበትም። “ክፍት ነው እኮ ጋሼ። ነግሬህ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ?” አለ ምሕረቱ። ድምፁ ከጭምብሉ ውስጥ የሌላ ሰው ሆኖ ወጣ።

“ሄድፎኑን ካወለቅኩት ትነግረኛለህ ብዬ ፈራሁ።”

ድንቅነሽ ያን ጊዜ ርቀቱን ረስታ አቀፈችው፤ ቲቶም አለቀሰ። ምሕረቱም አለቀሰ። በልቅሶው ውስጥ ግን ቀለል አለው። እንግዲህ የደበቅኩት ነገር አልነበረም፣ ልጁም ያውቅ ነበር፣ በዳይም ተበዳይም የለም አለ። ገብቶ ስልኩን ከከረጢቱ ሥር አውጥቶ፣ ራሱ አብርቶ፣ በሁለት እጁ ሰጠው። “ደጉን አግኘው። ይጠብቅሃል።”

ስልኩ ብዙ ጠራ። ከዚያ የደጉ ፊት መጣ፤ ከኋላው የድንኳን ሸራና የተቀመጡ ሰዎች ትከሻ ይታያል። ደጉ ስክሪኑን አየ። ስልኩን ወደ ዓይኑ አቀረበው።

“ቲቶ?”

“እኔ ነኝ።”

“አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ፣ ደጉ።”

ደጉ ዞሮ ለሰዎቹ፣ “አለ” አላቸው። “ቲቶ አለ።” ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት ጮኸች፤ ለቅሶ ይሁን እልልታ አልለየም። ስልኩ ተንሸራተተና ሣር ታየ፣ ከዚያ እንደገና የደጉ ፊት መጣ።

“የት እሄዳለሁ?” አለ ቲቶ።

“ምሕረቱ ስልክህን እንደዘጋው ጻፈልኝ። ሽማግሌ ዓርብ ይመጣል አለኝ። በርቱ አለኝ።” ደጉ አፉን በእጁ ያዘ። “ሌላ ምን ልበል? አንተን ቀበርኩህ። ረቡዕ ዕለት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቀበርኩህ። እስከ ትናንት ለማንም ሳልናገር፤ እሷ እንዳትሰማ።”

“እሷ?”

“እማ። እስከ መጨረሻዋ ጠየቀችህ። ኔትወርክ ነው እላታለሁ። ትናንት ከሰዓት ነው ያረፈችው። ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው።”

“ትናንት?” አለ ቲቶ።

“ትናንት።”

ጋሽ ሽጉጤ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ምሕረቱ ማክሰኞን አሰበ፤ “ዛሬውኑ ይደውል” የሚለውን ድምፅ፣ ሁለት ጊዜ የተባለውን፣ ሁለት ጊዜ የቆረጠውን። ደጉ የነገረው ከታመመች እናት ሌላ ምንም አልነበረም። የቀረውን የሞላው እሱ ነው። ቲቶ ቀና ብሎ እንዲያየው ጠበቀ፤ እንዲሰድበው፣ እንዲመታው ጠበቀ። ቲቶ አላየውም። እሱም ከማክሰኞ ጀምሮ የሰማውን በዚያው መንገድ ሞልቶት ነበርና፣ ከራሱ ጋር የሚጣላው ይበቃው ነበር።

ንግግሩ ሲያበቃ የቲቶ ስልክ ተዘግቶ ሳለ የጠበቁትን መልእክቶች አንድ በአንድ ማስገባት ጀመረ። ከመካከላቸው ማክሰኞ ዕለት ደጉ አልጋዋ አጠገብ ሆኖ የላከው የድምፅ መልእክት ነበረበት። ቲቶ ስልኩን ይዞ ወደ ቤት ገባ። ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ፤ የእንጨቱን ሄድፎን ሽቦ ከማጉያው ነቅሎ ስልኩ ላይ ሰካ፤ ጆሮው ላይ ደፋው።

ምሕረቱ ተከትሎት ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ከሄድፎኑ ጀርባ ድምፅ ወጣ። መጀመሪያ ኦክስጅኑ፣ እንደ ፈላ ጀበና ሳይሆን እንደሚንሿሿ ጨርቅ ያለ ነገር። ከዚያ የሴት ድምፅ። ቃሉ አይለይም፤ ትናገራለች፣ ታቋርጣለች፣ አየር ትስባለች፣ ትቀጥላለች። አንድ ቦታ ላይ የልጇን ስም እንደጠራች ምሕረቱ አወቀ። መሄድ ነበረበት፤ አልሄደም።

መልእክቱ ሲያልቅ ቲቶ ሄድፎኑን አላወለቀም፤ ፊቱንም አላዞረም።

“ይሰማሃል?” አለ።

“ይሰማኛል።”

“ሂድ እባክህ ጋሼ።”

ምሕረቱ ወደ ግቢ ወጣ። ሆሳዕና ስድስት ሰዓት ሲል ቀብሩን በቲቶ ስልክ ተመለከቱ፤ ድንቅነሽ ስልኩን ያዘችላቸው። ጋሽ ሽጉጤ ከምሕረቱ ጎን ተቀምጠው ነበር፤ አንዴ ብቻ እጃቸውን ትከሻው ላይ ሊያደርጉ ዘርግተው፣ ወይ ኮሮናውን አስታውሰው ይሁን ሌላ ነገር፣ መለሱት።

የካቲት ላይ ቲቶ ወደ ዳቬይተን፣ ወደ ሌላ የሀገር ልጅ ስፓዛ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ለሐኪሙ የሚነገረውን ለምሕረቱ ቆሞ ነገረው፤ ለጃዝና ለቫዮሊን ጥቁሩ፣ ለሰው ድምፅ እንጨቱ፣ አማፒያኖ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ይተዋቸው። ሐኪሙ በመጋቢት መጥቶ ጥቁሩን ወሰደ። ጋሽ ሽጉጤ ከዚያ ወዲህ የሰው በር ለማንኳኳት ሲሄዱ ምሕረቱን አልጠሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። የእንጨቱን ሄድፎን ወደ ዳቬይተን በሚሄድ ሰው እጅ ለቲቶ ላከለት። ሄድፎኑ ተመልሶ አልመጣም።